ሰምቶ የማይመልስ ስልክ

(ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተኩል፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ የግብርና ጽሕፈት ቤት፣ መስኮቱ በብረት ፍርግርግ የታጠረ የኮምፒውተር ክፍል፤ በሩ ከውጭ ተቆልፏል፤ ውስጥ ያሉት የቢሮው ጸሐፊ ወይዘሮ የሺመቤትና ከሰባት ወር በፊት ከአዲስ አበባ የመጣው የኮምፒውተር ባለሙያ ዳግማዊ ናቸው።)

የሺመቤት፦ በሩን ተወው አልኩህ እኮ። የመንግሥት በር ነው። ሰኞ ‘ማን ሰበረው’ ሲባል ደብዳቤውን የምተይበው እኔ ነኝ።

ዳግማዊ፦ እትዬ የሺ፣ አንዴ በትከሻዬ ብገፋው ይለቃል። ‘በዘጠኝ ሰዓት ቤቴ ሽማግሌ ይመጣል’ ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?

የሺመቤት፦ ሽማግሌው ወደ ልጄ ነው የሚመጣው፣ ወደ በሩ አይደለም። ቁጭ በልና ያንን ማሽን አስደውለው።

ዳግማዊ፦ ከመስኮት ብንጣራስ?

የሺመቤት፦ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ማን ይሰማሃል? ፍየል ካልሆነ።

ዳግማዊ፦ ጋሽ ተሰማስ? ዘበኛ ሰው ክፍል ሳያይ ይቆልፋል?

የሺመቤት፦ ለቀብር በተጠራ ቀን ክፍል አይቶ አያውቅም። አምና ከዞን የመጣ እንግዳ ቆልፎበት ሄዷል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አይመለስም። ደውል።

ዳግማዊ፦ በምን ልደውል? ስልኩ ኃላፊው ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበታል። እዚህ ያለን ገመዱ ብቻ ነው።

የሺመቤት፦ ‘ሞደም ማለት ኮምፒውተር ስልክ የሚደውልበት ነው’ ብለህ ሠራተኛውን ሰብስበህ ያስተማርከው አንተ አይደለህም?

ዳግማዊ፦ መደወልስ ይደውላል። ማውራት አይችልም እንጂ። ድምፅ ማጉያ አለው፣ መናገሪያ ግን የለውም።

የሺመቤት፦ ይጥራልኝ እንጂ ወሬው ይቅርብኝ። እኔና ልጄ ማስተዋል ምልክት አለን። ሁለቴ ጠርቶ ከተዘጋ ‘መንገድ ላይ ነኝ’ ነው። ሦስቴ ከሆነ ‘አልመጣም፣ አትጠብቁኝ’።

ዳግማዊ፦ አሁን ስንቴ ይሁን?

የሺመቤት፦ ሦስቴ ነዋ። ተቆልፎብኛላ።

ዳግማዊ፦ እሺ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ሊኑክስ ሞደሙን እንድነካ ይፍቀድልኝ። የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ይኸው ጻፍኩ።

የሺመቤት፦ የታለ የጻፍከው? አንድ ነጥብ እንኳን አልወጣም።

ዳግማዊ፦ ሊኑክስ የይለፍ ቃል ሲጻፍለት ምንም አያሳይም። ስንት ፊደል እንደሆነ እንኳ ሰው እንዳያውቅ ነው።

የሺመቤት፦ ስምንት ነው። ስድስቱ በግራ እጅህ።

ዳግማዊ፦ ኧረ እትዬ የሺ።

የሺመቤት፦ ሃያ ሁለት ዓመት ስተይብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከሰው ፊት ይልቅ ጣቱን ነው የማየው። ቀጥል።

ዳግማዊ፦ ቁጥር ነው እንጂ ቃል እንኳ አይደለም።

የሺመቤት፦ ቁጥሩ ከላይ ጫፍ ነው ያለው። ጣትህ እዚያ አልደረሰም። ቀጥል አልኩህ።

ዳግማዊ፦ ቀጠልኩ። መብራቱ በራ፣ አዩት? ከኮምፒውተሩ ሆድ ያለው ሞደም ለድሮው ፕሮግራም ብቻ የተሠራ ስለሆነ ከሊኑክስ ጋር አይግባባም። ይህን ከጎን የምንሰካውን ያመጣሁት ለዚህ ነው።

የሺመቤት፦ ‘ሊኑክስ ነፃ ነው፣ ውስጡም ለሁሉ ክፍት ነው’ ብለህ የድሮውን ፕሮግራም አጠፋህብን። ይኸው ሁሉ ነገሩ ክፍት ሆኖ እኛ ተቆልፎብናል።

ዳግማዊ፦ በሩን ሊኑክስ አልቆለፈውም። ይስሙ፣ እየደወለ ነው።

የሺመቤት፦ ቁጥሩን ዘመረው። ግን ያ ዱ... የሚለው ድምፅ አልተቋረጠም። መስመሩ ቁጥሩን አልተቀበለውም ማለት አይደለም?

ዳግማዊ፦ ትንሽ እንታገሥ።

የሺመቤት፦ ምን አለ? ‘ኖ ካሪየር’?

ዳግማዊ፦ የሚመልስ አላገኘሁም ማለት ነው። እንደገና ልሞክር። ደግሞስ ምን ያስቸኩላል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

የሺመቤት፦ አንተ ደግሞ አልቸኮልክም። ጣትህ እንደዛሬ ተጎትቶ አያውቅም። ሌላ ቀን ስትጽፍ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ነው።

ዳግማዊ፦ ስለጨነቀኝ ነው።

የሺመቤት፦ አንተን ምን አስጨነቀህ? የምትዳረው የኔ ልጅ። ቃል የሰጠው የኔ ባል። ከባለወፍጮው ጋር ማኅበር ጠጥተው ሲወጡ ‘ልጄ ለልጅህ ናት’ ብሎት መጣ። የነርስ ትምህርቷ ስድስት ወር ሲቀረው ‘ትምህርቱ ይቅርና ወፍጮ ቤቱን ትጠብቅልን’ ብለዋል። አንተ ምን ቤት ነህ?

ዳግማዊ፦ ምንም። ሰው ነኝ፤ ያሳዝነኛል።

የሺመቤት፦ እንግዲያው እያዘንክ ደውል።

ዳግማዊ፦ ደወልኩ። ይኸው ያው ነው፣ ኖ ካሪየር። መስመሩ ሳይበላሽ አይቀርም፣ እትዬ የሺ። ከበሩ በቀር መላ የለንም፣ በሩን ደግሞ እርስዎ አይሰበርም አሉ።

የሺመቤት፦ ዳግማዊ።

ዳግማዊ፦ አቤት።

የሺመቤት፦ ባለፈው ወር ለኃላፊው ያቀረብከውን ሪፖርት ማን ተየበው?

ዳግማዊ፦ እርስዎ።

የሺመቤት፦ ‘የከተማው ስልክ ቁጥሩ የሚዞር እንጂ የሚነካ ስላልሆነ፣ ከስልክ ቁጥሩ ፊት የነበረውን ቲ በፒ ስቀይር ሞደሙ ሠርቷል’ ይላል። ሁለተኛው ገጽ ላይ። ‘ስቀይር’ን በ‘ሸ’ ጽፈኸው አርሜልሃለሁ። አሁን እዚያ የጻፍከው ምንድነው?

ዳግማዊ፦ ቲ ነው።

የሺመቤት፦ ረስተኸው ነው?

ዳግማዊ፦ አልረሳሁትም።

የሺመቤት፦ አውቄዋለሁ።

ዳግማዊ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስልኩ ጠርቶ ‘ምን ሆና ቀረች’ ብሎ ሰው መጥቶ በሩን ከከፈተ፣ በዘጠኝ ሰዓት ይደርሳሉ። ከደረሱ መልስ ይሰጣል። እናት ከሌለች ግን መልስ አይሰጥም፤ ለሽማግሌው ሌላ ቀጠሮ ነው የሚሰጠው።

የሺመቤት፦ አዲስ አበቤው የኛን አገር ወግ ከየት ተማረው?

ዳግማዊ፦ ማስተዋል ነገረችኝ።

የሺመቤት፦ መቼ?

ዳግማዊ፦ ሐሙስ። ኮምፒውተር ልትማር ስትመጣ።

የሺመቤት፦ ሐሙስ ዕለት ስትማር ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ነበር። መብራት አልነበረም።

ዳግማዊ፦ እንግዲህ ምን ልበልዎ።

የሺመቤት፦ ምንም አትበለኝ። አንዲት ፒ ጻፍልኝ።

ዳግማዊ፦ ጻፍኩ። ሦስቴ ሲጠራ እዘጋዋለሁ። ይስሙት፣ ትክ ትክ ትክ...

የሺመቤት፦ ይኸ ነው የኛ ስልክ። ዱ... ያለው ተቋረጠ። ጠራ። ቁጠር።

ዳግማዊ፦ አንድ... አነሱት። ገና ባንዴ አነሱት።

የሺመቤት፦ ዝም በል። እሷ ናት። ‘ሃሎ’ እያለች ነው። እናቴ፣ እዚህ ነኝ። ማስቴ።

ዳግማዊ፦ አትሰማም፣ እትዬ የሺ። እኛ ብቻ ነን የምንሰማት።

የሺመቤት፦ ከኋላዋ ወንዶች ይሰማሉ። ያ የሽማግሌው የአቶ ደምሌ ሳል ነው። ቀድመው መጥተዋል። ገብተው ተቀምጠዋል።

ዳግማዊ፦ ምን እያለች ነው? አጠገቤ የሚያፏጨው ሞደም አላሰማኝም።

የሺመቤት፦ ‘እማዬ ነሽ?’ አለች። ‘እማዬ ከሆንሽ፣ አባዬ ያለ እናቷም ቢሆን ዛሬ እመልሳለሁ ብሏል’ አለች። ድምፅዋ... አንተ፣ እያለቀሰች ነው እኮ። አንድ ነገር በላት።

ዳግማዊ፦ በምን አፌ? መናገሪያ የለውም አልኩዎት። ይኸው... ተዘጋ። ሰዓቱ ሲሞላ ራሱ ይዘጋዋል።

የሺመቤት፦ ሰምቶ የማይመልስ ስልክ።

ዳግማዊ፦ እንደገና ልደውል? ሁለቴ ላስጠራውና ‘መንገድ ላይ ነኝ’ እንበላት? ቢያንስ አባቷ ይጠብቅ ይሆናል።

የሺመቤት፦ ተቆልፎብኝ ምን መንገድ አለኝ?

ዳግማዊ፦ በሩን ልስበረው። እኔ ልከሰስበት። ሥራዬንም ይውሰዱት፣ ግድ የለኝም።

የሺመቤት፦ ተቀመጥ። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ሽማግሌ ለመላክ ያልቆረጠ ልብ ዛሬ ለበር ጀገነ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል አልሰማህም?

ዳግማዊ፦ የማን ልጅ ነው ቢሉኝስ? አባቴን አያውቁት። ደመወዜን ደግሞ የሚተይቡት እርስዎ ነዎት፣ ያውቁታል። ባለወፍጮው ከተሰለፈበት በር እኔ በምን አቅሜ እቆማለሁ?

የሺመቤት፦ እኔን አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ሰጡኝ። ጓዳ ዘግተውብኝ ሳሎን ውስጥ ጨረሱ። እናቴ ሳሎን ነበረች። ሁሉንም ስትሰማ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረችም።

ዳግማዊ፦ ፈርተው ይሆናል።

የሺመቤት፦ ‘ዝም አይነቅዝም’ ትለኝ ነበር ሲከፋኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሞከርኩት፤ ይነቅዛል። እኔ ነቅዣለሁ። እንካ፣ ክፈት።

ዳግማዊ፦ ምንድነው ይሄ?

የሺመቤት፦ ቁልፍ አይተህ አታውቅም?

ዳግማዊ፦ የዚህ በር?

የሺመቤት፦ ጸሐፊ ነኝ እኮ፤ የቢሮው ትርፍ ቁልፍ ሁሉ በኔ እጅ ነው። ጋሽ ተሰማ ሲቆልፍ ኮቴውን ሰምቼዋለሁ። ‘አለሁ’ ብለው ይከፍትልኝ ነበር።

ዳግማዊ፦ እና ለምን ዝም አሉ?

የሺመቤት፦ አንተ ቲ ለምን ጻፍክ? እኔም እንዳንተው። ባሌን ፊት ለፊት እንቢ ብዬው አላውቅም፤ እፈራዋለሁ። ‘ተቆልፎብኝ ነበር’ ብል ማንም አይወቅሰኝም አልኩ። ልጄ የምታለቅስበት ስልክ አጠገብ ተቀምጬ መስማት እንዳለብኝ ግን አላሰብኩትም። እናቴን ሆኜላት ቁጭ።

ዳግማዊ፦ እንግዲያው አልረፈደም። ከዚህ ቤትዎ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

የሺመቤት፦ ሽማግሌ ጠላ ሳይቀምስ ነገር አይጀምርም። አቶ ደምሌ ደግሞ በአንድ ብርጭቆ አይረካም። እንደርሳለን።

ዳግማዊ፦ ጠበቅ ያለ ቁልፍ ነው... ይኸው ተከፈተ። ይሂዱ እትዬ የሺ፤ መስኮቱን እኔ እዘጋለሁ። ግን ምን ብለው ሊመልሷቸው ነው? ባለቤትዎ አቶ ግርማቸው ቃል ሰጥተዋል።

የሺመቤት፦ ‘ልጄን ቀድሞ የጠየቃት አለ፤ እሱን ሳንመልስ ሌላ አንቀበልም’ እላለሁ። ይህንን ወግ ግርማቸውም አይሽረው፣ ሽማግሌዎቹም አይሽሩት።

ዳግማዊ፦ ማን ነው የጠየቃት?

የሺመቤት፦ ያንን ማሽን በልጄ ስም የሚከፍተው ነዋ። በእንግሊዝኛ ስምንት ፊደል፣ ስድስቱ በግራ እጅ። በል ጃኬትህን ልበስ።