ቁልቁለት ጨርሳ የምትጠፋው መኪና

የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ
የምስክሩ መጠሪያ፦ በሠፈሩ «ጆሮ» በመባል የሚታወቁ
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ጥገና
አድራሻ፦ ከድልድዩ ማዶ፣ ከጎማ ቤቱ ጎን ያለው ጋራዥ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ10
ቃሉን የተቀበለው፦ የትራፊክ አደጋ መርማሪ ሳጅን

እኔ ከላይ መጠሪያዬና አድራሻዬ የሰፈረው ምስክር፣ ባለፈው ሳምንት ሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ከጤና ጣቢያው በታች ካለው መታጠፊያ ላይ አንድ የጭነት መኪና አንዲት አሮጌ ነጭ የቤት መኪናን ከኋላ ስለገጨበት አደጋ የማውቀውን እንድገልጽ ተጠይቄ እንደሚከተለው ተናግሬአለሁ።

አደጋው ሲደርስ በቦታው አልነበርኩም። የተጠራሁት መኪናዋን ስለማውቃት ነው። ባለቤቷ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ስትሆን ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። መኪናዋ ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ አባቷ በሕይወት ሳሉ ይነዷት የነበረች ናት። እንደሰማሁት የጭነት መኪናው ሾፌር የትከሻው አጥንት ተሰብሯል፤ ሲስተር በድንገት ፍሬን ያዘችብኝ ብሎም ከሷታል። እሷ ደግሞ ሞተሩ በራሱ ጠፋብኝ ብላለች። መርማሪው በዚያው ዕለት ቁልፉን ቢሞክሩት መኪናዋ በአንድ ጊዜ ስለተነሳች የሚያምናት ሰው አልተገኘም።

ከአደጋው በፊት ባሉት ሁለት ወራት ሲስተር ለዚሁ ችግር ሦስት ጊዜ ጋራዤ መጥታለች። በመጀመሪያው ነዳጁን በእሳት የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ቀየርኩ። በሁለተኛው ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያመነጨውን ቦቢና ለወጥኩ። በሦስተኛው አስነስቼ ግማሽ ሰዓት ያህል አዳመጥኩና ምንም ስላላገኘሁ «ሲስተር፣ መኪናዋ ጤነኛ ናት፤ አንቺ ነሽ የደከመሽ፣ እረፍት ውሰጂ» አልኳት። ከደብተሯ አንድ ወረቀት ቀድዳ «ጋሼ፣ የጠፋችበትን ሁሉ ጽፌዋለሁ፣ ሲመችዎ ይዩት» ብላ ሰጠችኝና ሄደች። ወረቀቱን ቱታዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። አላነበብኩትም።

ትላንት ረቡዕ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ መርማሪው አስጠርተውኝ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ሄድኩ። ሲስተርም ነበረች፤ ሾፌሩም እጁን በጨርቅ አንጠልጥሎ መጥቶ ነበር። የመኪናዋ ኋላ ተጨፍልቋል እንጂ ሞተሩ አልተነካም። ቁልፉን ስጠመዝዝ ወዲያው ተነሳች። ሾፌሩ «ይኸው! ከእኔ መኪና ትሻላለች እኮ!» ብሎ ሳቀ። ሲስተር መሬት መሬቱን አየች። ያን ጊዜ ወረቀቱ ትዝ አለኝና ኪሴን ፈትሼ አወጣሁት።

ሲስተር የጻፈችው የምጥ ሰዓት በምትመዘግብበት አኳኋን ነበር፤ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ከቤት ከተነሳች ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ እግሯ ምን ላይ እንደነበረ። መኪናዋ አሥራ አንድ ጊዜ ጠፍታለች። ዘጠኙ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ ቁልቁለት ጨርሳ ነዳጁን ቀስ ብላ ስትረግጥ ነው። እኔ በሦስቱም ጊዜ የሞከርኳት ቆማ ነበር። ይህን ሳነብ አፈርኩ፤ ነገሩን የማወቅ ጉጉትም ያዘኝ።

መርማሪውን ፈቃድ ጠይቄ፣ እሳት ወደ ካንዴላ በሄደ ቁጥር ብልጭ የምትል መብራት ከሞተሩ ላይ አገናኘሁና ሽቦዋን በመስኮት አስገብቼ መብራቷን መርማሪው እንዲይዙልኝ አደረግሁ። እኔ እየነዳሁ ከጤና ጣቢያው ቁልቁለት ላይ ተመላለስን። ሁለት ጊዜ ምንም የለም። መርማሪው ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። በሦስተኛው፣ ታች ደርሼ ነዳጁን በስሱ ስነካው፣ «ጠፋች!» አሉ። መኪናዋን ያሉ መስሎኝ ነበር፤ ለካ መብራቷን ነው፤ ሞተሩ ቀጥ ያለው ከእሷ በኋላ ነው። ችግሩ የነዳጅ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ እስኪቆም መብራቷ ብልጭ ማለቷን አታቆምም ነበር። ስለዚህ የተቋረጠው እሳቱ ነው። ዳር ይዘን ቁልፉን ስጠመዝዝ እንደ ደህና ልጅ ተነሳች። መርማሪው «ጉድ ነው!» አሉ።

ወደ ግቢ ተመልሰን እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢውተር ከፈትኩ። በውስጡ እሳቱ መቼ እንደሚሰጥ ምልክት የምትልክ ትንሽ ጥቅል ሽቦ አለች። የተቀመጠችበት ሳህን ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ በቀጭን የጎማ ቱቦ በኩል አየር ስለሚስብ ትንሽ ይዞራል። ከጥቅሏ የሚወጡት ሁለት ገመዶች ላይ መስመሩ አለመቋረጡን በቁጥር የሚያሳይ ቴስተር አሰርኩ፤ ቁጥሩ ደህና ነው። ከዚያ ቱቦውን ነቅዬ በአፌ ሳብኩት። ሳህኑ ዞረ፤ ቁጥሩ ጠፋ። ለቀቅኩት፤ ተመለሰ። መርማሪው «እስቲ እኔ» ብለው ቱቦውን ጠርገው ሳቡ፤ ጠፋ። ሾፌሩም ዝም ብሎ ማየት አላስቻለውም፤ በደህና እጁ ተቀብሎ አራት ጊዜ ሳበ።

አንደኛውን ገመድ ፊታቸው ቀደድኩት። ላስቲኩ ምንም ያልሆነ፣ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ከመተጣጠፍ ብዛት ተበጥሶ ጫፍ ለጫፍ ብቻ የተነካካ ነበር። ነዳጅ ስትረግጥ ገመዱ ይሳብና ይለያያል፣ እሳት ይቋረጣል። ሞተሩ ሲቆም የሚስበው ስለሌለ ሳህኑ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ መዳቡም መልሶ ይነካካል። በኋላ የሚሞክራት ሁሉ ጤነኛ ሆና የሚያገኛት ለዚህ ነው። ገመዱ በኤግዚቢትነት ተይዟል።

ሾፌሩ ገመዱን አገላብጦ ካየ በኋላ ለመርማሪው «የፍሬን መብራት አላየሁም። መቆሟን ነው ያየሁት፤ ፍሬን ነው ያልኩት ከራሴ ነው። ቃሌን አስተካክሉልኝ» አለ። ከዚያ የተቀመጠበትን ወንበር ለቆ ሲስተርን በእጁ ተቀመጪ አላት።

ሲስተር አልተቀመጠችም። ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ ይሄን ከሦስቱ በየትኛው ቀን ሊያገኙት ይችሉ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። እኔም «ባምንሽ ኖሮ በመጀመሪያው» ብዬ መለስኩላት። መርማሪው ይህ ለመዝገቡ አያስፈልግም ቢሉኝም እንዲጻፍ አጥብቄ በመጠየቄ ተጽፏል።

ከዚህ በላይ የሰፈረው ሁሉ ማንም ሳያስገድደኝ ያየሁትንና በእጄ የሠራሁትን የተናገርኩት ሲሆን፣ ተነቦልኝ የተጨመረም የተቀነሰም እንደሌለ አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________