አስታማሚ የሌላት መንገደኛ

አዲስ አበባ ስትደርስ ማን ይቀበላታል? ይህን ጥያቄ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትሁ፤ መልስ ግን አላገኘሁለትም። የልጅ ልጄ ሚልካ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ናይሮቢ ነው። እኔ «አገርሽ» የምላት አዲስ አበባ ለእሷ የሰው አገር ነው። እኔም ብሆን እህቶቼ ካረፉ፣ ጎረቤቶቼ ከተበተኑ ወዲህ ደውዬ «ልጄን አደራ» የምለው አንድ ሰው የለኝም።

ነገሩ የመጣው ከመንጋጋ ጥርሷ ነው። ባለፈው ወር ጉንጯ አብጦ፣ እዚህ ያለ ሐኪም መድኃኒት ሰጥቶ እብጠቱን አጠፋላት። «ሥሩ ታክሞ በላዩ ሽፋን ካልተደረገለት ግን ይመለሳል» አላት። ዌስትላንድስ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ያሉ ክሊኒኮች የጠየቁን ዋጋ ከአቅማችን በላይ ሆነ። እሷ «አዲስ አበባ ሄጄ ልታከም» አለች፤ እኔ «ይነቀልና እንገላገል» አልሁ። ከዚያ ወዲያ በአንድ ክፍል እየኖርን እንደ ባዳ ሳንነጋገር ከረምን።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ሰዲቃን መንገድ ዳር ቆማ የተጠበሰ በቆሎ ስትግጥ አገኘኋት። ሰዲቃ ከፎቃችን ሥር ጨርቅ የምትሸጥ ነጋዴ ናት። አምና ሾርባ እንኳ በአንድ ጎኗ ነበር የምትጠጣው።

«በማን ጥርስ ነው የምትግጪው ልጄ?» አልኋት።

«በራሴው እማማ ሙሉነሽ! አዲስ አበባ አሳክሜው መጣሁ» ብላ ሳቀች።

ልጠይቃት ይሁን ልከራከራት ሳላውቅ እጇን ይዤ ወደ ቤት አወጣኋት። ሚልካ አልጋው ላይ ሆና ስልኳን ታያለች።

«እስቲ ንገሪኝ፤ ለአንድ ጥርስ ድንበር ይሻገራል? በጉጠት ተነቅሎ ያልቅ አልነበር?» አልኋት ሰዲቃን።

«እማማ፣ ጫማዎ ውስጥ ሚስማር ቢወጋዎ እግርዎን ይቆርጣሉ? እኔ ሁለቱን አስነቅዬ ነው የተማርኩት። የቀሩት ዘመሙብኝ፤ ማኘክ አቃተኝ።»

«የረከሰ ነገር ያለ ምክንያት አይረክስም። ሐኪሙ መሣሪያውን ሳያጸዳ አፏ ውስጥ ቢከትባትስ?»

«ስለረከሰ ብቻማ አይኬድም። እኔ አስቀድሜ የጥርሴን ራጅ በስልክ ላክሁ። ሐኪሙ ማን ነው? መሣሪያው በምን ይጸዳል? ስንት ጊዜ መመላለስ አለብኝ? ከተመለስኩ በኋላ ቢያመኝስ? ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ ክሊኒክ ‹ብቻ ነይ› አለኝ፤ ተውኩት። ሌላው አንድ በአንድ መለሰልኝ። መሳፈሪያውንና ማደሪያውን ደምሬም ከዚህ ቀለለኝ።»

ሚልካ ቀና አለች፤ እንደ ናይሮቢ ልጆች አያቷን «ሾሾ» ነው የምትለኝ። «ሾሾ፣ እኔም እኮ ልኬያለሁ። አፖይንትመንት ሰጥተውኛል። አንቺ ነሽ የማትሰሚኝ።»

«ዝም በይ! ታማሚ ያለ አስታማሚ ሲሄድ የት ታይቷል? አጥሚት ማን ያቀርብልሻል?»

ሰዲቃ ጣልቃ ገባች። «እኔንስ ማን አስታመመኝ እማማ? ክሊኒኩ አጠገብ ፔንሲዮን ያዝኩ፤ ባለቤቲቱ ሾርባ ሠራችልኝ። ወላሂ፣ የመጀመሪያውን ቀን ግን አልቅሻለሁ፤ አልዋሽዎትም።»

አለመዋሸቷ ልቤን አለዘበው። እሷ ግን አላቆመችም። «የሚፈሩት ለእሷ ነው ወይስ ብቻዎን ለሚቀሩት ለእርስዎ?»

ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ ሳብሁ። «ቤቱ ጭር ሲልብኝ አልችለውም» አልሁ በመጨረሻ።

«አሁንስ ሾሾ?» አለች ሚልካ ቀስ ብላ። «እኔ እያለሁስ ጭር ብሎ አይደል የከረመው?»

ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ አጥቻት ኖሯል። «ሂጂ» አልኋት።

እንደ እኔ የምትጨነቁ እናቶች ሆይ፣ ጥርስ ታመመ ተብሎ ሁሉ አይነቀልም። የዳነለት ሰው በሁለቱም ጎኑ ያኝካል፣ እንቅልፉን ይተኛል፣ አፉን ሳይሸፍን ይስቃል። ያበጠና ትኩሳት ያለው ሰው መንገድ ሳይጀምር ባለበት ይታከም። የሚሄደውም ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ሙያውንና ንጽሕናውን ጠይቆ፣ ለመመለሻውም አስቦ ይሂድ። ዘመድ ስለሌለ ሕክምና አይቅርበት።

በምትሄድበት ማለዳ ግን ምክሬን ሁሉ ረሳሁት። «ፓስፖርትሽን ይዘሻል? ሹራብስ? እዚያ እኮ ይበርዳል። ስትደርሺ ትደውያለሽ አይደል? ሚልካዬ፣ ትደውያለሽ?»

ስልኳን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ጉንጬን ሳመችኝ፣ ሻንጣዋን አነሳችና ወጣች።