ለማኝም ከልካይም የሆነው አጎት

ከሰው ወሬ አንዲት ቃል የማታመልጠኝ ሰው ነኝ። ከለገሃር በተነሳው ባቡር ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት የአቃቂ ፋብሪካ ሠራተኛ የሆነውን ወጣት ይጠይቁታል።

«ሽማግሌ ልከህ ምን አሉህ?»

«ሦስት ላክሁ፣ እማማ። አንዱ የመቀሌ፣ አንዱ የወልቂጤ፣ አንዱ የጨንቻ ሰው። የልጅቷ አባት ደግሞ ከኦሮምኛ በቀር አይሰሙም።»

«ታዲያ ማን አስተረጎመ?»

«ከምናውቃቸው ሰዎች አማርኛውንም ኦሮምኛውንም የሚችለው አንድ ሰው ነው። እሱም አጎቷ ነው።»

«ራሱ ለማኝ፣ ራሱ ከልካይ!»

«ሽማግሎቹ እንደነገሩኝ እንባው እስኪመጣ ለመነልኝ። ከዚያ ዞሮ ከወንድሙ ጎን ተቀመጠና ‹አንሰጥም› አለ።»

«በዚያው አፉ?»

«ሲሸኛቸውም ‹አይዟችሁ› እያለ አጽናናቸው።»

«በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለትማ ነውር ነው። ዛሬስ?»

«ዛሬ ካልሆነ ለሌላ ሊድሯት ነው። አጎትዬው ደግሞ ‹ከራሴ ጋር መጣላት ሰለቸኝ፣ ሌላ አስተርጓሚ ፈልጉ› ብሏል።»

«አገኛችሁ?»

«የት ተገኝቶ! ሽማግሎቹ አቃቂ ጣቢያ ቆመው እየጠበቁኝ ነው።»

ኦሮምኛን ያለ አስተማሪ ተምሬ አቀላጥፌ የምናገረው እኔ፣ ቲኬቴ እስከ ደብረ ዘይት ሆኖ ሳለ፣ ክራባቴን አስተካክዬ ልጁን ተከትዬ አቃቂ ላይ ወረድኩ።