ኢንጂነር ይመርና የስንዱ መብራት

ደሴ፣ አርብ ከምሳ በኋላ፤ የቤታቸውን የፊት ክፍል ከፍለው በሠሯት የስንዱ ጸጉር ቤት ውስጥ፣ የድሮው የማስታወቂያ ጸሐፊ ይመር በአንሶላ የተሸፈነ ሰሌዳ አጠገብ ወለሉ ላይ ተንበርክኳል፤ ሚስቱ ስንዱ ወገቧን ይዛ ከበላዩ ቆማለች።

ስንዱ፦ መቀሴን! አንተ ሰውዬ፣ በጸጉር መቀሴ ነው ጎማ የምትቆርጠው?

ይመር፦ ጎማ አይደለም፤ የኒዮን ገመድ ነው። ውስጡ ጥቃቅን አምፖሎች ተደርድረዋል።

ስንዱ፦ ስለ አምፖል ጠየቅኩህ? የሰው ጸጉር የምቆርጥበትን መቀስ አዶለዶምክብኝ ነው የምልህ! ነገ ደንበኛ ስትመጣ በጥርሴ ልቆርጥላት ነው?

ይመር፦ የቤቱ መቀስ የት ነው ብዬ ሦስቴ ጠራሁሽ። ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ከተቀመጠችው ሴትዮ ጋር ሐሜት ይዘሽ አልሰማሽኝም።

ስንዱ፦ የአብዬን ወደ እምዬ! መቀሱንም አንተ አበላሸኸው፣ ጥፋቱም የኔ ሆነ። ለመሆኑ ስንት ሰዓት ነው?

ይመር፦ ሰባት ተኩል።

ስንዱ፦ አራጋው የሚደውለውስ?

ይመር፦ ስምንት ሰዓት። ወንድምሽ ደግሞ ሰዓት አያሳልፍም፤ በተለይ ለኔ ውርደት ሲሆን።

ስንዱ፦ ውርደት! የእህል መጋዘን መጠበቅ ነው ውርደቱ? ሰው ካፖርቱን ደርቦ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ደሞዙን ይበላል። ደግሞስ ማን አስገደደህ? "እስከ አርብ ስምንት ሰዓት የጸጉር ቤትሽን ማስታወቂያ በገዛ እጄ ሠርቼ ካላበራሁ፣ ሰኞ የአራጋው ዘበኛ ልሁን" ያልከው ማን ነው? እኔ ነኝ?

ይመር፦ እኔ ነኝ። አልካድኩም።

ስንዱ፦ ብትክድም ምስክር አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ "ተዪኝ፣ አትግለጪው፣ አትርገጪው!" እንደ ታቦት ሸፍነህ አስቀምጠኸው፣ ሹሩባ የምትሠራ ሴት እግሯን የምታሳርፍበት አጣች።

ይመር፦ ያልበሰለ ወጥ ለሰው አይቀርብማ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?

ስንዱ፦ አፍሶ ለመልቀምም መጀመሪያ የሚፈስ ነገር ያስፈልጋል! ያንተስ ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ ወተቷንም አላይ። ጥር ገብቷል፣ ሰርግ በሰርግ ላይ ነው፤ እኔ ግን ስም የሌለው በር ከፍቼ ሙሽራ እጠብቃለሁ። እዚያ ማዶ ያለችውን ቤዛዊትን እያት! ማበጠሪያ አያያዝ ያስተማርኳት ልጅ፣ ማተሚያ ቤት ሄዳ በአንድ ቀን አሠርታ ሰቀለች።

ይመር፦ የሷ እኮ ሸራ ላይ የታተመ ነው። ሁለት ክረምት አይሻገርም።

ስንዱ፦ ያንተ መጀመሪያ አንድ በጋ ይየው!

ይመር፦ አንቺ ሴት፣ የዚህን ከተማ መስታወት ማን ጻፈው? የመድኃኒት ቤቱን፣ የፎቶ ቤቱን፣ የልብስ ሰፊዎቹን መደዳውን ሁሉ? ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሰው መንገዱን የሚጠይቀው እኔ በጻፍኩት ነበር።

ስንዱ፦ ጻፍክ። ማን አልጻፍክም አለህ? አሁን ግን ሁሉንም ፍቀው ሸራ ሰቀሉበት። ብሩሽህ ጣሳ ውስጥ ቆሞ ደረቀ፤ አንተም በሩ ላይ ቁጭ ብለህ የሰው ፊደል ስትተች ደረቅክ። "የዚህ ሀ እግሩ ሸፋፋ ነው፣ የዚያ መ ሆዱ ተነፍቷል።" ሰዉ ምን እንደሚለኝ ታውቃለህ?

ይመር፦ ምን ይልሻል?

ስንዱ፦ "ባልሽን አመመው እንዴ?" ይሉኛል። ምነው ባመመህ! ለታመመ እንኳ ይታዘንለታል።

ይመር፦ ይሄን ሁሉ በሆድሽ ይዘሽ ዛሬ ነው የምትነግሪኝ?

ስንዱ፦ ታዲያ መቼ ልንገርህ? ሰኞማ መጋዘን ነህ።

ይመር፦ እሺ፣ እኔም እውነቱን ልንገርሽ። ብርዱን አልፈራም። የአራጋውን ትእዛዝም ቢሆን እችለዋለሁ። ግን እዚያ በር ላይ ከቆምኩ በኋላ "ጸሐፊው ይመር" የሚለኝ ሰው አይኖርም። "ዘበኛው" ነው የሚሉኝ። ያ ነው የሚያንገበግበኝ።

ስንዱ፦ አሁንስ ምን የሚሉህ መሰለህ? "የስንዱ ባል" ነው የሚሉህ!

ይመር፦ ያንን ስታኞ አቀብይኝ።

ስንዱ፦ የቱን?

ይመር፦ እዚያ የተጠቀለለውን ብርማ መበየጃ ሽቦ። ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ አያይዤ በስታኞ ከመታሁት አለቀ።

ስንዱ፦ ኡፍ! ምንድን ነው የሚሸተው? ቤቱን ልታቃጥለው ነው?

ይመር፦ ስታኞ ሲቀልጥ እንዲህ ነው። አንቺ ጸጉር ስትተኩሺ ሰፈሩ የበግ ጭንቅላት የተለበለበ ነው የሚመስለው፤ አንድ ቀን ተናግሬሽ አውቃለሁ?

ስንዱ፦ ያ ሽታ ነው ያበላህ!

ይመር፦ አበላኝ፣ እግዜር ይስጥሽ። አሁን ነይና ሰሌዳውን በዚያ በኩል ያዢልኝ። ወደ ውጪ ከመውጣቱ በፊት እዚህ ግድግዳ ላይ ሰቅለን እንሞክረው። ምስማሩን መትቼዋለሁ።

ስንዱ፦ ግድግዳዬን ሳልጠየቅ በሳኸው! መቼ ነው የመታኸው?

ይመር፦ ገበያ ስትሄጂ። ከፍ አድርጊው… ትንሽ ወደ ግራሽ… አዎ፣ ያዘ። አንሶላውን እንዳትነኪው፤ መጀመሪያ ሶኬቱን ሰኪ።

ስንዱ፦ እኔ? እኔ ልጆች አሉኝ! ራስህ ሰካው፣ ኢንጂነር ይመር።

ይመር፦ አሥራ ሁለት ቮልት ሰው አይገድልም። ይሄ አዳፕተር ከግድግዳው የሚመጣውን ይቀንሰዋል፤ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ይኸው ሰካሁት። በይ አሁን አንሶላውን ሳቢው።

ስንዱ፦ በስመ አብ ወወልድ…

ይመር፦ በራ! ስንዱ፣ በራ እኮ! ቀይነቱን እይ፣ ፍም ነው የሚመስለው! ኧረ የ"ዱ" ፊደል ጫፍ ብቻ ጨልማለች። ግድ የለም፤ የመቁረጫውን ምልክት ስቼ ነው የቆረጥኩት፤ ከምልክቱ ውጪ የተቆረጠ አይበራም። እቀይራታለሁ። ምነው? ደስ አላለሽም?

ስንዱ፦ ይመር።

ይመር፦ አቤት!

ስንዱ፦ እስቲ አንብብልኝ።

ይመር፦ "ስንዱ" ነዋ።

ስንዱ፦ ከየት ጀምረህ ነው ያነበብከው?

ይመር፦ ከቀኝ… ከቀኝ?

ስንዱ፦ ከቀኝ! ዓረብኛ ነው? ፊደሎቹስ ለምንድን ነው ጀርባቸውን የሰጡኝ? ምን በደልኳቸው?

ይመር፦ ወይኔ! ወይኔ ይመር! የመስታወት እጄ! የመስታወት እጄ ጉድ ሠራኝ!

ስንዱ፦ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይሉ የለ! ኧረ ሆዴን ያዙልኝ! ሦስት ሳምንት በአንሶላ ተሸፍኖ የከረመው ይሄ ነው?

ይመር፦ መስታወት ላይ የምጽፈው ሁልጊዜ ከውስጥ ሆኜ ነው፤ ዝናብም የጽዳት ጨርቅም እንዳያበላሸው። ከውስጥ ስትጽፊ ደግሞ ገልብጠሽ ነው፣ ከውጪ ለሚያየው እንዲቃና። ሰላሳ ዓመት! ዓይኔ የተገለበጠውን ቀና ነው ብሎ ለምዷል። በየቀኑ አየሁት፣ አንድ ቀን እንኳ አልጎረበጠኝም።

ስንዱ፦ አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ! አንተ ደግሞ ማንም አወቅክ ሳይልህ የሚስትህን ስም ገለበጥክ! ሰሌዳው ግልጽ ፕላስቲክ አይደል? ገልብጠህ ስቀለው።

ይመር፦ አይሆንም። ገመዱ የሚያበራው በፊቱ ብቻ ነው፤ ጀርባው ጨለማ ነው። ከገለበጥኩት ለግድግዳው ነው የሚያበራው።

ስንዱ፦ ንቀለውና በደንቡ ለጥፈዋ!

ይመር፦ ሙጫው ይዟል። ገመዱን ልንቀል ብል ይበጣጠሳል።

ስንዱ፦ እና ምን ላድርግ? ደንበኞቼን "ማስታወቂያዬን እንድታነቡ በጀርባችሁ እየሄዳችሁ ግቡ" ልበላቸው? ቤዛዊት ብታይህ ሳቋ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማኛል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ እኔን አስናቅኸኝ ይመር!

ይመር፦ በቃ ስንዱ። በቃ፣ ገብቶኛል። ለአራጋው ሰኞ ይመጣል በይው። ሌላ ነገር አትጨምሪበት ብቻ፤ ለሱ መሳቂያ አታድርጊኝ።

ስንዱ፦ እኔ ምን እጨምራለሁ? አንተው ጨርሰኸዋል! ላብ በላብ አደረግከኝ እኮ፤ ሻሼም ተፈታ። ቆይ እስቲ ከወንበሩ ፊት ባለው መስታወት እያየሁ ልሰረው… ሆ! በዚህ ዕድሜዬ…

ይመር፦ ሰው ሳይገባ ላውርደው።

ስንዱ፦ ቆይ።

ይመር፦ አውርጄ ከአልጋው ስር ልክተተው። ማንም እንዲያየው አልፈልግም።

ስንዱ፦ አትንካው አልኩህ! ና ወደዚህ። እኔን አትይ፤ መስታወቱን እይ። ከኋላችን ምን ይላል?

ይመር፦ "ስንዱ"።

ስንዱ፦ ከየት ጀምረህ?

ይመር፦ ከግራ።

ስንዱ፦ እዚህ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ሴት ፊቷ ወዴት ነው?

ይመር፦ ወደ መስታወቱ።

ስንዱ፦ ተሠርታ ስታበቃ ስልኳን አውጥታ ምን ታደርጋለች?

ይመር፦ መስታወቱ ውስጥ ራሷን ታነሳለች። አንዷማ አንድ ሰዓት ሙሉ ስታነሳ ወንበሩን አለቅም አላለችሽም?

ስንዱ፦ እሷንማ ተዋት! ቤዛዊትም ስሟን በውስጥ ግድግዳዋ አስለጥፋለች፤ ቀጥ አድርጋ። እዚያ የተሠሩት ሁሉ ፎቶ ሲልኩልኝ ጽሑፉ ተገልብጦ ነው የሚመጣው፤ የማን ቤት እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። የኔ ግን ይኸው፣ ከሙሽራዋ ራስ በላይ በቀይ እሳት "ስንዱ"! ጸጉሩን ማን ሠራሽ ብሎ መጠየቅም የለም። እሱ ሳይደግስ አይጣላም!

ይመር፦ እንግዲያውስ አውቄ ነው ያደረግኩት።

ስንዱ፦ ዝም በል! አሁን "ወይኔ ይመር" ያለው ማን ነበር?

ይመር፦ እኔ ባላውቅም እጄ አውቋል።

ስንዱ፦ እጅህ መቀሴን ያዶለዶመው እጅ ነው፤ ብዙ አታመስግነው! ይሄ ለውስጥ ሆነ እንበል። ከአስፋልቱ የሚያልፈው ሰው ምን ያነባል?

ይመር፦ ለውጪ ሌላ ነው የሚያስፈልግሽ። ተለቅ ያለ፣ ዝናብ የማያስገባ። ቀና ያለ።

ስንዱ፦ ቀና መሆኑን እኔ እየቆምኩ ነው የማየው፤ አንሶላ የሚባል ነገር ዓይኔ እንዳያይ! ሦስት ሳምንት ደግሞ አልጠብቅህም።

ይመር፦ አሁን እጄ ለምዷል፤ አራት ቀን ይበቃኛል። ሰኞ ብጀምር… ሰኞማ የአራጋው ነኝ። ስልክሽ ይጮሃል።

ስንዱ፦ ሰምቻለሁ። እሱ ነው።

ይመር፦ አንሺው። አበራለሁ አልኩ፣ አበራሁ፤ ግን ገለበጥኩት። ወደ የትኛው እንደምትፈርጂ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ከቃሌ አልወጣም።

ስንዱ፦ ሄሎ፣ አራጋው። ደህና ነን፣ እግዜር ይመስገን። አዎ፣ እዚሁ አጠገቤ ነው፣ እንደ ልማዱ አቧራ ለብሷል። በራ ወይ? በርቷል። እንዴት እንደበራ መጥተህ እይ፤ ስትገባ ግን መስታወት መስታወቱን ነው የምታየው። አይ፣ ሰኞ አይመጣም። ምን ያስቅሃል? ሌላ ዘበኛ ፈልግ፤ ባሌን ለሥራ እፈልገዋለሁ።