ቃሉን የሚለዋውጥ ምስክር

አሶሳ ላይ የክረምት ዝናብ ሲመጣ ፈቃድ አይጠይቅም። ከገበያ ስመለስ በአጋጣሚ ከሼህ ሙርሳልና ከነርሷ ከሲስተር የወርቅውሃ ጋር አንድ ባጃጅ ተሳፍሬ ነበር፤ ሾፌሩ ጎርፉን ፈራና ሦስታችንንም አንዲት ሻይ ቤት አወረደን። ሼህ ሙርሳልን የማያውቅ የለም፤ የተጣላ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተጋፋ ጎረቤት ሁሉ የሚታረቀው እሳቸው ዘንድ ነው። የወርቅውሃ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ገበሬዎች ልጅ ናት። እኔ መምህር ነኝ፤ ክርክር ሲነሳ ጆሮዬን ከማቆም በቀር ሌላ ሥራ የለኝም።

«ሼህ፣ የደም ግፊት መድኃኒትዎን እየወሰዱ ነው?» አለች።

«ተውኩት» አሉ በኩራት። «ማሽንህ ውሸታም ነው ልጄ። ጤና ጣቢያ መቶ ሰማንያ አለ። በሳምንቱ ፋርማሲ መቶ ስልሳ አምስት አለ። ቃሉን የሚለዋውጥ ምስክር እኔ ጋ ይባረራል። ደግሞ ምንም አያመኝም፣ ወላሂ።»

የሼህ አማርኛ አንተንና አንቺን አይለይም፤ እኔም መምህርነቴን ትቼ አርሜያቸው አላውቅም። በነገሩ ግን ደነገጥኩ። ታናሽ ወንድማቸው ሙዐዊያ ግማሽ አካሉ ሽባ ሆኖ፣ አንደበቱ ተይዞ ከተኛ ዓመት አልፎታል። እሱም ከመውደቁ በፊት «ምንም አያመኝም» ይል ነበር። እኚህ ሰው ቢወድቁ የሁለቱን ቤት እርሻ ማን ያርሳል?

የወርቅውሃ አልተቆጣችም። «አንድ ምስክር እያለከለከና እየተናደደ ቢመጣ፣ ቃሉን ወዲያው ይቀበላሉ?»

«የለም። ይቀመጣል፣ ይረጋጋል፣ ከዚያ ይናገራል።»

«ጤና ጣቢያ የመጡ ዕለት ከየት ነበር የመጡት?»

ሼህ ሣቁ። «ከሽምግልና። ሰዎቹ አናደውኝ በእግሬ ገሰገስኩ።»

«የደም ግፊትም እንደዚያው ነው። ሲናደዱና ሲሮጡ ከፍ ይላል፣ ሲያርፉ ይወርዳል። መለዋወጡ የማሽኑ ውሸት አይደለም። ስለዚህ እኛም በአንድ ልኬት ብቻ አንፈርድም። እርስዎስ በአንድ ምስክር ይፈርዳሉ?»

«በአንድ? አይሆንም!»

«እንግዲያው ዝናቡ እስኪያባራ ሌላ ምስክር እንስማ» ብላ መለኪያውን ከቦርሳዋ አወጣች። ጀርባቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፈች፣ እግራቸውን እንዳያነባብሩ ከለከለች፣ ክንዳቸውን በልባቸው ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳረፈች፤ አምስት ደቂቃም ዝም እንዲሉ አዘዘች። ስንት ባለጉዳይ ተመኝቶ ያጣውን የሼህን ዝምታ ይህች ልጅ በአንድ ቃል አገኘችው። ለካች፣ ጥቂት ቆይታ ደገመች።

«የላይኛው መቶ ሰባ፣ የታችኛው መቶ። ሼህ፣ በሦስት ቀን፣ በሦስት ቦታ ተለክተዋል። የላይኛው ቁጥር ይለያያል፤ ከፍተኛ ግፊት ከሚጀምርበት ከመቶ አርባ በታች ያለ ግን አንድም የለም። ምስክሮቹ በዝርዝሩ ቢለያዩ በዋናው ነገር አልተስማሙም?»

ሼህ ጢማቸውን ዳበሱ። «ታዲያ ለምን አያመኝም?»

«ክፋቱ እሱ ነው። ምስጥ ምሰሶውን ሲበላ ድምፅ ያሰማል? ግፊትም ልብን፣ ኩላሊትን፣ አንጎልን በዝምታ ይጎዳል፤ ድንገትም መትቶ ሽባ ያደርጋል።»

ሼህ ወደ ዝናቡ ዞሩ። «ሙዐዊያን ጂን መታው ብዬ ነበር» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ሐኪም ቤት ይሂድ ሲሉ እኔ ነኝ የከለከልኩ። ምስክር ሳልሰማ ፈረድኩ።»

«ያለፈው አልፏል፤ ለቀረው ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አለች የወርቅውሃ። «ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይምጡና ሐኪሙ መድኃኒቱን እንደገና ያስጀምርዎ። ደህና ነኝ ብለው እንዳይተውት፤ ደህና የሚያደርግዎ እሱ ነው። ጨው ይቀንሱ። ጾም ሲገባ ሰዓቱን አብረን እናስተካክላለን። ሙዐዊያም ይለካ፤ ዳግም እንዳይመታው።»

«እሺ» አሉ። «ተረታሁ።»

ዛሬ የሼህ ግፊት ወርዷል፤ የሁለቱም ቤት እርሻ በወቅቱ ታርሷል፤ ለእርቅ የሚመጣ ጎልማሳም «መጀመሪያ ግፊትህን ተለካ» ይባላል። መድኃኒቱን እንደገና የጀመሩ ዕለት ሼህ ወንድማቸው አልጋ ላይ ተቀምጠው «በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» አሉት። ሙዐዊያ መናገር አልቻለም። በደህናው እጁ ክኒኑን አንስቶ አቀበላቸው። እስከ ዛሬ ሼህ መድኃኒታቸውን የሚወስዱት ከእሱ እጅ ብቻ ነው።