ከመድኃኒት የራቁትን ሲመልሱ የኖሩት ወይዘሮ ወለተኢየሱስ

ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ኃይለመስቀል ከአባታቸው ከአቶ ኃይለመስቀል ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዲንቄ ደራራ በ1962 ዓ.ም. በጎባ ከተማ ተወለዱ። በዚያው በጎባ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረው፣ ሮቤ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሲሠሩ ከመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ከአቶ መሳይ ጋር ትዳር መሥርተው ረድኤትንና ዳግማዊን ወለዱ።

አቶ መሳይ በ1994 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ኤችአይቪ በደማቸው እንዳለ ተነገራቸው። በ1998 ዓ.ም. መድኃኒት ጀምረው፣ ሰውነታቸው ሲመለስ የዳኑ መስሏቸው አቋረጡት፤ በሰባተኛው ወር በቃሬዛ ወደ ሕክምና ተወሰዱ። ያከሟቸው ነርስ ሳይቆጧቸው ቤታቸው ድረስ እየተመላለሱ ይጠይቋቸው ስለነበር፣ «ሰው ፈልጎኝ ነው የተረፍኩት» ማለት ያዘወትሩ ነበር።

በዚህም ምክንያት ጽሕፈቱን ትተው፣ በጤና ጣቢያ መድኃኒት ያቋረጡ ሕሙማንን ፈልጎ የመመለስ ሥራ ያዙ። ለአሥራ ስድስት ዓመታት በሚኒባስ፣ በጋሪ፣ መንገዱ ሲያልቅም በእግራቸው ከዲንሾ እስከ ጊኒር ተመላለሱ። የሰው ምስጢር እንዳይገለጥ፣ አንዱ ቤት ገብስ ሊሸምቱ፣ ሌላው ቤት ዘመድ ሊጠይቁ የመጡ መስለው ይገቡ ነበር።

ራሷ ፈቅዳ ስሟ እንዲነሣ የጠየቀችው ገላኔ ከዲንሾ ማዶ የምትኖር ስትሆን፣ ነፍሰ ጡር ሳለች የኪኒኑ ብልቃጥ ሲንኮሻኮሽ አማቶቿ እንዳይሰሙባት ፈርታ መድኃኒቱን ጥላ ነበር። ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ሁለት ጊዜ ቢሄዱም «አላውቅዎትም» ብላ መለሰቻቸው። በሦስተኛው ጊዜ ዝናብ እየደበደባቸው ደርሰው፣ ምንም ሳይመክሩ የራሳቸውን ኪኒን ከቦርሳቸው አወጡና፣ «ልጄ፣ የምውጥበት ውኃ ስጪኝ» አሏት። ገላኔ ውኃውን እያቀበለቻቸው አለቀሰች። ብልቃጡ ድምፅ እንዳያሰማ ጥጥ መጠቅጠቅን አስተማሯት። ልጇ ቀመር ከቫይረሱ ነጻ ሆና ተወለደች፤ ዛሬ አራተኛ ክፍል ናት።

ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ባለፈው ዓመት በጡት ካንሰር ታመው፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ትናንት ዐረፉ። ረድኤትን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው፣ «ዜና ሕይወቴ ሲነበብ ‹ባደረባቸው ሕመም› ተብሎ አይታለፍ። ከኤችአይቪ ጋር ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ፤ የሚወስደኝ ካንሰር ነው። ከለቀስተኛው መሐል ኪኒኑን የጣለ ቢኖር ይስማ» ብለው አዘዋት ነበርና፣ ቃላቸው እነሆ ተነበበ።

ወይዘሮ ወለተኢየሱስ የሁለት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለረድኤት፣ ለዳግማዊ፣ ለልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም እኛ በስም ለማንጠራቸው፣ እሳቸው ግን አንድ በአንድ ያውቋቸው ለነበሩት ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን፤ አሜን።