ለቫዮሊኗ ብድግ ስንል

ቦንጋ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣች ቫዮሊን ተጫዋች እየተራመደች፣ እየተወነች የምታቀርበው አዲስ ዓይነት ሙዚቃ ይዛልን መጣች። የዝግጅቱ አስተናጋጅ እኔ ነኝና «ማንም ከወንበሩ ንቅንቅ እንዳይል!» ብዬ ተመልካቹን አስጠነቀቅኩ። ማን ሰምቶኝ! ልጅቷ እየተጫወተች ከመድረክ ወርዳ ወደ ሕዝቡ ስትመጣ፣ እንግዳ ቆሞ እንዴት ይቀመጣል፣ የደረሰችበት ረድፍ ሁሉ ብድግ ይላል፤ ስታልፍ ይቀመጣል። በእጄ «ተቀመጡ!» እያልኩ ላብ አጠመቀኝ። ጡረተኛው መምህር ጋሽ ኃይሌ ጭራሽ «ነይ፣ አረፍ በይ ልጄ» ብለው ወንበራቸውን ለቀቁላት። አለቀልኝ ስል፣ እሷ ቁጭ ብላ እየሳቀች ቫዮሊኗን ታንቆረቁረው ገባች።

ሲያበቃ «ሥራሽን አበላሸንብሽ» ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ምን ማበላሸት! በየከተማው ስዞር ማን ተነስቶልኝ ያውቃል? ነገ ደግሞ እንዳትከለክላቸው» አለችኝ።

በማግስቱ ከመድረክ ስትወርድ መጀመሪያ ብድግ ያልኩት እኔ ነበርኩ።